በአየር የሚሠራው የእጅ ጓንት፦ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ካርቶኑ ውስጥ አምስት ነገር አለ፦ ከምሳ ዕቃ የማይበልጥ የፓምፕ ሳጥን፣ በየጣቱ ጀርባ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቱቦ የተያያዘበት ጓንት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የአየር መስመር፣ ቻርጀር፣ እና ደህናው እጅ የሚያጠልቀው ባለ ሽቦ ሁለተኛ ጓንት። በቴሌግራም «የስትሮክና የጭንቅላት ጉዳት ሮቦት» እየተባለ የሚሸጠው ይኸው ነው። ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ስም ከሻጭ ሻጭ ቢለያይም አሠራሩ ያው በመሆኑ፣ እዚህ የምንገመግመው ዓይነቱን እንጂ አንድን ብራንድ አይደለም። ዋጋውም ከዶላሩ ጋር ስለሚሮጥ ዛሬ ብንጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል። የተጠራላችሁን ዋጋ ለአንድ ቀን የፊዚዮቴራፒ ክፍያ አካፍሉትና ስንት ቀን እንደሚያሳክም ቁጠሩ። ከማስታወቂያው ቪዲዮ የበለጠ የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።

ጎንደር ውስጥ ጓንቱን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ከባጃጅ ወድቆ፣ ከግንባታ መወጣጫ ተንሸራቶ ወይም በዱላ ተመትቶ ሆስፒታል የሰነበተ ሰው አዘዞ ወይም ማራኪ ወዳለው ቤቱ ሲመለስ፣ ቁስሉ ድኖ እጁ እንደተጨበጠ ሊቀር ይችላል። ቀጠሮው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው። የቀሩትን ቀናት በምን እንሙላቸው የሚለው ጭንቀት ነው ሰዉን ወደ ሻጩ የሚልከው። ጭንቀቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ጓንቱ የተጨበጠ እጅን ለጊዜው ያላላል፣ የጣት መገጣጠሚያም እንዳይደርቅ ያግዛል። ለአንጎል ግን ሥራውን አይሠራለትም።

ከጉዳት የተረፉ የአንጎል ሴሎች አዲስ መያያዣ ያበጃሉ፣ ተኝቶ የነበረ መስመር ይነቃል፣ ጎረቤት ክፍል የጎደለውን ሥራ በከፊል ይረከባል። ፕላስቲሲቲ የሚባለው ይህ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ታማሚው ራሱ «ልዘርጋው» ብሎ ሲሞክር፣ ሳይሆንለት ሲቀር፣ አስተካክሎ ደግሞ ሲሞክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 «ብሬይን» በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የእጅ አንጓቸውን ራሳቸው ያንቀሳቀሱ ጤነኛ ሰዎች ማሽን ካንቀሳቀሰላቸው ይልቅ የተሻለ ተምረዋል፤ በአንጎላቸው ላይም የበለጠ ለውጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ 770 የስትሮክ ታማሚዎችን አካቶ ነበር። ከዚህ ጓንት እጅግ በሚበልጥና በሚራቀቅ ሮቦት የሠለጠኑት፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አላሳዩም። ያ ትልቅ ማሽን ያላመጣውን ይህቺ ሳጥን ታመጣለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ጓንቱ አንዴ ጨብጦ አንዴ ለመዘርጋት 10 ሰከንድ ያህል ቢፈጅ፣ በ20 ደቂቃ 120 ጊዜ ይደርሳል። ለጆሮ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት በአንድ የሕክምና ቀጠሮ የሚደረገው ሥራ ላይ ያተኮረ የእጅ እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንስሳት ላይ የአንጎል ለውጥ ያሳዩት ሥልጠናዎች ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ድግግሞሽ ነበራቸው። ሻጮች ይህችን ክፍተት አውቀውም ሳያውቁም ይጠቀሙባታል። ነገር ግን ታማሚው ቴሌቪዥን እያየ ማሽኑ የሚቆጥራቸው 120ዎቹ፣ ራሱ ታግሎ ከሚያደርጋቸው 30 ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ፓምፑ አየር ሲነፋ የተጣጠፉት ቱቦዎች ይረዝሙና ጣቶቹን ያጥፋሉ። አየሩን ሲመጥ ደግሞ ቱቦዎቹ ይሰበሰቡና ጣቶቹን ይዘረጋሉ። ማለትም ማጠፍ በግፊት፣ መዘርጋት በመምጠጥ ነው። ከአንጎል ጉዳት በኋላ ግትር የሆነ እጅ ማጠፍ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው መዘርጋት ነው። የማሽኑ ደካማ ጎን ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው፤ መምጠጥ በአካባቢው ካለው የአየር ግፊት በላይ መሄድ አይችልምና። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሯ ግፊት ከባህር ዳርቻ ከተማ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ባህር ዳርቻ ላይ በተቀረጸ ቪዲዮ ጣት ቀጥ አድርጎ የዘረጋ ጓንት እዚህ መንገድ ላይ ቢቀር፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የዕቃው አይደለም። ይህን የሚናገር ሻጭ ግን የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። የታማሚውን ጣቶች በጣም ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ ከዚያ ፈጠን ብላችሁ ድገሙት። ቀስ ሲባል እሺ ብለው ፈጠን ሲባል መሃል ላይ ቆም የሚያደርጉ ከሆነ ግትርነቱ መለስተኛ ነው፤ ጓንቱ ይችለዋል። ቀስ ብላችሁም የማይዘረጉ ከሆነ ማሽኑ አይዘረጋቸውም። ወይ ጡንቻው ከመጠን በላይ ከርሯል፣ ወይ አጥሮ ደርቋል። ሁለቱም ሐኪም፣ ስፕሊንት የሚባል እጅን ዘርግቶ የሚያቆይ ድጋፍ ወይም መድኃኒት ይፈልጋሉ። ፊዚዮቴራፒስቶች ግትርነትን ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይሰጣሉ። ካርዱ ላይ 3 እና ከዚያ በላይ ከተጻፈ ገንዘባችሁን ያዙ።

አጠላለቁ ላይ ብዙ ቤት ይበላሻል። የተጨበጠ እጅን ከጣት ጫፍ መጎተት የበለጠ ያስጨብጠዋል። መጀመሪያ የእጅ አንጓውን ወደ ታች እጠፉት፤ ያኔ ጣቶቹን የሚያጥፉት ጅማቶች ይላላሉ፣ ጣቶቹም በራሳቸው ይከፈታሉ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ይዛችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ከዚያ በኋላ ነው ጓንቱ የሚገባው፤ አውራ ጣት ቀድሞ፣ ትንሿ ጣት ተከትላ፣ መካከለኞቹ በመጨረሻ። የጣቱ ጫፍ ከጓንቱ ጫፍ ጋር መግጠሙን በእጃችሁ ዳሱ። ጣቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ ፓምፑ ከተነሳ፣ ማጠፊያው ከመገጣጠሚያው ውጭ ይሆንና ጣቱን ይቆለምመዋል። አንጓው ላይ ያለው ማሰሪያ አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተው።

ታማሚው ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ክርኑ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ክንዱን አንጠልጥሎ መሥራት የላላ ትከሻን ከቦታው ያስወጣል። ብዙዎች ከክንዱ ሥር ጋቢ አጥፈው ያስቀምጣሉ፤ ለክንዱ ምቹ ነው፣ ለጓንቱ ግን መርዝ ነው። የጋቢው ጥጥ ማሰሪያው መለጠፊያ ውስጥ እየገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መያዝ ያስተወዋል፤ መልቀም ደግሞ በመርፌ ነው። አንሶላ ተጠቀሙ። በክረምት እጁን ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፤ ብርድ ግትርነት ያብሳልና። የሚሞቀውን ውሃ በደህናው እጅ ለኩ፤ የተጎዳው ሙቀት ላይለይ ይችላል።

አነስተኛው ኃይል ላይ ጀምሩ። የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ፤ የቀላ ቦታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ጓንቱ ጠቧል ወይም ጠብቋል። ቆዳው ችሎ ከቆየ እስከ 20 ደቂቃ አድርሱት። ዋናው ጥቅሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እጁ በላላባቸው ቀጣይ ደቂቃዎች ማሽኑን አጥፍታችሁ ታማሚው ራሱ ይሥራ፦ «አባባ፣ አሁን እርስዎ ይክፈቱት፤ እኔም ማሽኑም አንነካዎትም።» ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትከፈት እንኳ የተገዛው ለዚያች ነው። ጓንቱን ታጥበው ተቀምጠው እንደሚበሉት ምግብ ሳይሆን፣ ከሥራ በፊት እንደሚደረግ ማሟሟቂያ ያዙት።

ከአሠራር ምርጫዎቹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማሽኑ የሚሠራውን ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ተዉት። አንድ አንድ ጣት የሚሠራው ይሻላል፤ ታማሚው የትኛዋ ጣት እንደተንቀሳቀሰች ዓይኑን ጨፍኖ እንዲናገር ጠይቁት፣ የስሜት ልምምድ ይሆናል። ሁለተኛው ጓንት ያለበት የመስታወት ምርጫ፣ ደህናው እጅ ሲጨበጥ የታመመውም እንዲጨበጥ የሚያደርገው፣ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ቢያንስ ሐሳቡ ከታማሚው ይነሳል። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ደህናው እጅ ጨርሶ ሲከፈት ማሽኑ ገና እየተከተለ ነው። ታማሚው እስኪደርስ እንዲጠብቅ ካልተነገረው ሁለቱ እጆች ይጣላሉ።

የሚበላሸው መጀመሪያ ፓምፑ ሳይሆን አየር መስመሩ ነው። ቱቦው ወደ ጣቱ የሚገባበት ቦታ ሲጎተት ይላላል፤ አንዷ ጣት ከሌሎቹ ዘግይታ መታጠፍ ከጀመረች እዚያ ነው። መፈተሻው ጎሚስታው ጎማ ላይ የሚያደርገው ነው፦ ሳሙና የነካ ውሃ በስፖንጅ መገናኛው ላይ ቀቡና አየር ሲነፋ አረፋ የሚያወጣውን ፈልጉ። ጓንቱን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ሳጥኑንም ከጠረጴዛው አርቁት። የላላውን መገናኛ ነቅላችሁ ጫፏን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሳችሁ ብትሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሙጫ አትጨምሩ፤ ቀጥሎ መነቀል ሲኖርበት ቱቦው ይቀደዳል። ሳጥኑ የራሱ ባትሪ ያለው ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል፤ ባትሪ የሌለውን በጎንደር ኑሮ አንመክርም። ባትሪው እየቀነሰ ሲሄድ የመምጠጥ ኃይሉ ቀድሞ ስለሚደክም «ዛሬ እጁ ብሶበታል» ከማለታችሁ በፊት ቻርጁን እዩ።

ጨርሶ የማይሞከርባቸውም አሉ። በቅርብ የተሰበረ ጣት ወይም አንጓ፣ ያልዳነ ቁስል፣ ያበጠና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ ያለው ሰው አያጥልቅ። በተለይ ክርን ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ከቀን ወደ ቀን መታጠፍ ሲያቅተው፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በመገጣጠሚያ ዙሪያ አጥንት የሚበቅልበት ሁኔታ ስላለ በግድ ማንቀሳቀስ አይገባም፤ ራጅ ያስፈልገዋል። የራስ ቅሉ አጥንት በቀዶ ሕክምና ተነስቶ ያልተመለሰለት ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይሥራ፤ መውደቅ ለእሱ ሌላ ሰው እንደሚወድቀው አይደለም። ጥድፊያም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ጉዳቱ ትኩስ ሳለ የተጎዳውን እጅ ብቻ ያለ እረፍት እንዲጠቀሙ ማስገደድ ቁስሉን እንዳሰፋው አሳይቷል። መቼ ይጀመር የሚለውን የሚያክመው ባለሙያ ይወስን።

ከማስታወቂያው ትልቁ ቅሬታችን ስትሮክንና የጭንቅላት ጉዳትን በአንድ ትንፋሽ መጥራቱ ነው። ስትሮክ በአብዛኛው የአንድ የደም ሥር አካባቢን ይመታል። አደጋ ግን አንጎልን ከራስ ቅሉ ሸካራ ግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ ረጃጅም የነርቭ ክሮችን በብዙ ቦታ ይበጥሳል። ስለዚህ እጁ ተመልሶም ትኩረቱ፣ ማስታወሱ፣ ቁጣውን መግዛቱ ያልተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ሥራ የሚያስጥለው፣ ትዳር የሚያናጋውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለዚህ ጓንቱ አንዳች አይፈይድም። የፓምፑ ጉርምርምታ ብቻ ቶሎ የሚበሳጭን ታማሚ ያስቆጣል። ሲያዛጋ፣ ስህተቱ ሲበዛ፣ ፊቱን ሲያጠቁር አንጎሉ ደክሟል ማለት ነው፤ «ትንሽ ቀረህ» አትበሉት፣ አቁሙ።

ለማስታወስ ችግር የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ ነው። አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ቦታው አይቀያየር። በየገጹ ቀኑ፣ የዕለቱ ሥራ፣ የተሠራው ምልክት። «ታስታውሳለህ?» ብላችሁ አትፈትኑት፤ የተሳሳተ ግምት ራሱ ይለመዳል። መልሱን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ ጠይቁት፣ ከዚያ ከአንድ ደቂቃ፣ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት በኋላ። ከሳተ መልሱን ነግራችሁ መጨረሻ ወደተሳካለት ጊዜ ተመለሱ። «መድኃኒቴ የት ነው?» ለሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ሳምንት ቢፈጅ አይብዛባችሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታዘዘለት ከሆነ ደግሞ ያው ጥያቄ ከእጁ ይቀድማል፤ ጠላና አረቄም ከቤቱ ይራቁ።

በጓንቱ ገንዘብ ፋንታ በእጅ ላይ ባለው ምን ይሠራል ለሚል፣ መጀመሪያ መስታወት። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ፣ በጠረጴዛው መካከል ቁመቱን የቆመ። የታመመው እጅ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ደህናው ከፊቱ። ቀለበትና ሰዓት ይወለቁ፤ በመስታወቱ የሚታየው እጅ የታመመውን መምሰል አለበት። ታማሚው ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ ሁለቱንም እጅ እኩል ለማንቀሳቀስ ይሞክር፣ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 62 ጥናቶችን አይቶ ከስትሮክ በኋላ የእጅ እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል ደምድሟል። የጭንቅላት ጉዳት ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ቢሆንም መስታወት መስታወት ነው፣ ዋጋው ከጓንቱ ጋር አይወዳደርም።

አንጓውን 20 ዲግሪ፣ ጣቶቹን 10 ዲግሪ ያህል ራሱ መዘርጋት የቻለ ሰው ደግሞ ከጓንቱ አልፏል። ለእሱ ደህናውን እጅ በካልሲ ሸፍኖ የታመመውን ማሠራት ይበልጣል፤ ሚዛኑን የማይጠብቅ ወይም ግራ የሚጋባ ከሆነ ግን ተቀምጦ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ብቻ። ሥራው ከቤት አይጠፋም። እንጀራ መቁረስ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን አንድ ላይ ያሠራል፤ በባዶ እንጀራ ተጀምሮ፣ ወጥ ወደ መጠቅለል፣ መጨረሻ ወደ ጉርሻ ይደርሳል። ጉርሻ ለሌላ ሰው አፍ ማድረስ ትከሻን፣ ክርንንና የጣት ግፊትን ያጣምራል፤ እኛ ከምናውቃቸው የልምምድ ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ሰፌድ ላይ 100 ሽምብራ ዘርግቶ አንድ በአንድ ወደ ስኒ መጨመር፣ ሦስት ዙር 300 ነው። ሲቀለው ወደ ምስር ይውረድ። ፈትል የምታውቅ እናት እንዝርት ብትይዝ ጣቶቿ ከኛ ትእዛዝ የተሻለ ያስታውሳሉ።

ጎንደር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነች። ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የሚያስለምድ ሕክምና፣ ትምህርት ጀምሯል። ጓንቱን ለመግዛት የወሰነ ሰው ዕቃውን ይዞ አንድ ቀጠሮ ይግባ፤ ልኩን፣ ኃይሉንና የደቂቃውን መጠን ባለሙያው ደብተሩ ላይ ይጻፍለት።

ሻጩ ፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ጓንቱ የግራ ነው የቀኝ? ሳጥኑ ለሁለቱም ይሆናል፣ ጓንቱ ግን አይሆንም፤ የተሳሳተ ጎን መጥቶ የሚመለስበት መንገድ የለም። ልኩ የሚለካው ከአንጓ መስመር እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ የታመመው እጅ ካበጠ እሱን ለኩ፣ ደህናውን አይደለም። መለዋወጫ ጓንት ለብቻው ይሸጣል ወይ? ካልሸጠ ሳጥኑ ጓንቱ በተቀደደ ቀን ያበቃለታል። ያገለገለ ከሆነ ውስጡን አሽትቱ፤ በላብ የሰነበተ ጓንት ሽታው አይለቅም፣ የቆዳ ፈንገስም ያጋባል። እዚያው ባዶውን 10 ደቂቃ አሠሩት፤ አምስቱም ጣቶች እኩል ተነስተው እኩል ካልወደቁ ሳሙናና ውሃ ጠይቁ።